«እንዳይጨነቁ!» ባዩ መምህር

በሽተኛ ሊጠይቅ ገብቶ ትምህርት የሚሰጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በየማለዳው መስታወት ውስጥ አገኘዋለሁ።

እዚህ ሚዛን ተፈሪ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ጎረቤቴ ባለሱቁ ጋሽ ሙስጠፋ ካንሰር ሲይዛቸው ሙዝ አንጠልጥዬ ሄድኩና፣ «የጭንቀት ሆርሞን በሽታ ተከላካይ ሴሎችን ያዳክማል። ጤነኛውንም አይምርም፤ እርስዎማ ፈጽሞ እንዳይጨነቁ!» አልኳቸው። ሰሌዳ ስላልነበረ ሙዙን አልጋው ላይ ደርድሬ ጦርነቱን አሳየኋቸው። ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር ይስቁልኛል፤ እኔም ጎበዝ ተማሪ አገኘሁ ብዬ እኩራራለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት ሳላንኳኳ ብገባ ብቻቸውን ያለቅሳሉ። ዓይናቸውን በጥድፊያ ጠርገው፣ «አፉ በለኝ መምህር፣ ዛሬ አቃተኝ» አሉኝ።

ለካ ሞትን መፍራት ሳያንሳቸው እኔንም ይፈሩ ኖሯል።