ባኮ ያልደረሰው አጥር

ሰው የጻፈው ነገር ሁሉ የደረሰ ይመስለዋል። በአፉ ቢናገር ኖሮ “ሰማችኝ ይሆን?” ብሎ ፊት ያያል፣ ይደግማል። ከጻፈው ግን አለቀ፤ የቀረውን ለፈጣሪ ትቶ እጁን አጣጥፎ መልስ ይጠብቃል። እኔ ከመሠረተ ትምህርት ያለፈ ትምህርት የለኝምና ስለ ጽሑፍ ባላወራ ይሻለኝ ነበር። ግን ዝም የሚል የአምቦ ሰው የት ታውቃላችሁ? ምንጫችን እንኳ ሲንተከተክ ነው የሚውለው።

ነገሩ የጎረቤቴ የኦቦ ደበላ ነው። ኦቦ ደበላ ዕድሜያቸውን በሙሉ በደን መሥሪያ ቤት፣ በጭልሞ ጫካ በኩል፣ ታይፕ ሲመቱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከእሳቸው አጥር ወዲያ የአዴ ጫልቱ ቤት አለ። ሁለቱም የትዳር ጓደኞቻቸውን ቀብረዋል፣ ሁለቱም ልጆቻቸውን ድረዋል፤ በመካከላቸው የቀረው የጽድ አጥር ብቻ ነበር። ኦቦ ደበላ ጠዋት ጠዋት መቀስ ይዘው ይህን አጥር ይከረክሙታል። አዴ ጫልቱም ልክ በዚያው ሰዓት ደጅ የሚያስወጣ ሥራ አያጡም። አጥሩ ሲከረከም፣ ሲከረከም፣ መጀመሪያ አንገት ላይ ደረሰ፤ ኋላ ደረት ላይ፤ በመጨረሻ ዶሮ እንኳ የሚዘለው ሆነ። እኔ ከኩሽናዬ መስኮት ሆኜ እንግዲህ ይህ ምን የሚሉት አጥር ነው እያልኩ አየሁ። ማየት ኃጢአት ነው? መስኮቱን እዚያ ያደረገው አናጢው ነው።

ከዚያ የአዴ ጫልቱ ጉልበት የአምቦን ብርድ አልችልም አለ። ልጃቸው ከእኛ በስተምዕራብ፣ ባኮ፣ በቆሎ ያለማል፤ አገሩ ሞቃት ነው፣ ይስማማሻል ብሎ መጥቶ ወሰዳቸው። አጥሩም አደገ። ኦቦ ደበላ መቀሱን ሰቀሉት፤ ግን ጠዋት ጠዋት አሁንም እዚያው ይቆማሉ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ የተዘጋ በር እያዩ። እኔም ብሆን አዴ ጫልቱ ከሄዱ ወዲህ የምሰማው ወሬ ሁሉ ጨው የሌለው ሆነብኝ። ወሬ ሲነገር ጎን ለጎን ቆሞ “አይ አንቺ!” የሚል ከሌለ ምን ይጣፍጣል?

ይህ አልበቃ ብሎ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ቤቱን ልግዛው ብሎ ተነሣ። ልጅየውም እናቱን ሽጪው፣ ሽጪው ይላቸው ጀመር። ኦቦ ደበላ ይህን በሰሙ ቀን ምሳቸውን አልበሉም፤ ሰሐኑ እንዳለ ሲመለስ አይቻለሁ። ስልክ ለምን አልደወሉም ትሉኝ ይሆናል። ደውለዋል። ግን ስልኩ የልጅየው ነው፤ ልጅየው የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ መካከላቸው ይቀመጣል፤ ኦቦ ደበላ የአየሩን ነገር ጠይቀው ይዘጋሉ።

እዚህ ላይ ሜሮን ትገባለች። ሜሮን ሰርቪስ ክፍሌን የተከራየች የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ካምፓስ ኮምፒውተር ትማራለች። የመመረቂያ ሥራዋ ሰው የጻፈለትን ፋይል ውስጥ የሚያስቀምጥ፣ በኋላም እንዲነበብ አውጥቶ የሚያሳይ ፕሮግራም ነበር። አንድ ቀን ምስር ስለቅም አጠገቤ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ፕሮግራሙ ውስጥ ዕቃዎች አሉ አለችኝ። ዕቃ ስትለኝ ድስት መስሎኝ ነበር፤ ለካ በየፊናቸው ሥራ የተሰጣቸው ናቸው። አንዱ ዕቃ ጸሐፊ ነው፣ አንዱ አንባቢ። ጸሐፊው አያነብም፣ አንባቢው አይጽፍም። (ይሄማ በብዙ መሥሪያ ቤት አለ፣ ያለ ኮምፒውተር።) ቃሉ በጸሐፊው በኩል ወደ ፋይሉ፣ ከፋይሉ ደግሞ በአንባቢው በኩል ወደ ሰው፣ ልክ እንደ ቦይ ውሃ ይፈሳል። ስትጨርሺ ቦዩን በደንብ ካልዘጋሽው የመጨረሻው ውሃ መንገድ ላይ ይቀራል አለች። እኔም ገባኝ አልኳት። ያልገባኝ ነገር ቢኖርም ያን ያህል ለፍታ ላስረዳችኝ ልጅ አልገባኝም ማለት ነውር ነው።

ታዲያ ፕሮግራሙ ገበሬዎች ዘንድ እንዲሞከር ባኮ ልትሄድ መሆኑን ስትነግረኝ፣ የምስሩን ትሪ አስቀምጬ ወደ ኦቦ ደበላ ቤት ሄድኩ። የሄድኩት ስኳር ልበደር ነው። በዚያው ነገሩን ጣል አደረግኩት።

በማግስቱ ኦቦ ደበላ ለባኮ መልእክት አለኝ ብለው ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ሜሮን ፕሮግራሟን ከፈተችላቸው፣ የሚጽፉበትን አሳየቻቸው፣ ከዚያ የሰው ጉዳይ አላይም ብላ ወጣች። አስተዳደጓ ደህና ነው። የኮምፒውተሩ ፊደል የፈረንጅ ስለሆነ በኦሮምኛ፣ በቁቤ ፊደል ጻፉት፤ ሜሮን ብታይም አንዲት ቃል አትገባትም። እኔስ? እኔ ጥግ ላይ ምስሬን ይዤ ቀረሁ። ደግሞም ኦቦ ደበላ የድሮ ታይፒስት ናቸው፤ የሚመቱትን እያንዳንዷን ቃል በከንፈራቸው ካላነበቡ ጣታቸው አይሄድም። ጆሮዬን ልቆርጠው ነው?

“አካም ጅርታ? ነጋዳ? ፈያዳ?” ብለው ጀመሩ፤ እንዴት ነሽ፣ ሰላም ነሽ፣ ጤና ነሽ ማለት ነው። ማቲን ነጋዳ? ቤተሰቡ ደህና? ልጁ፣ ምራቷ፣ የልጅ ልጆቹ አንድ በአንድ በየስማቸው። ሎን ነጋዳ? የወለደችው ላም፣ ያልወለደችው ላም። በቆሎው። ጉልበቱ፣ ቀኙ ለብቻ፣ ግራው ለብቻ። ከዚያ ደግሞ በተራቸው የአምቦን ሰው ሁሉ ደህንነት አስታወቁ፤ እኔም ደህና መሆኔን እዚያ ሰማሁ። ምስሩን ለቅሜ ጨርሼ እንደገና ከትሪው አንደኛው ጫፍ ጀመርኩ። በመጨረሻ ላይ ቆሙ፣ ላባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ አንዲቱን ፊደል ከሌላይቱ እየለዩ፣ መቱት፦

“አዴ ጫልቱ፣ ቤቱን አትሽጪው። አጥሩን ላፍርሰውና አንድ ግቢ ይሁን።”

እኔ ምስሩ ውስጥ ጠጠር እንዳገኘ ሰው አቀረቀርኩ። እንባዬን እንዲያዩት አልፈለግኩም።

ሜሮን ባኮ ሰነበተች። እኛ እዚህ ጠበቅን። ኦቦ ደበላ በየቀኑ የኔን በር አልፈው ለመሄድ ምክንያት ያበጁ ነበር፤ አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ክብሪት ገዙ። የጨርቅ ነጋዴው ደግሞ ባኮ ወርጄ ላስፈርማት ነው እያለ ያወራል።

ሜሮን ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ያዝኳት። አነበብሽላቸው? አነበብኩላቸው አለች። በአዲስ አበባ አፍ ኦሮምኛ ሲነበብላቸው አዴ ጫልቱ መጀመሪያ በጣም ሳቁ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰላምታ መልስ ሰጡ። ንባቡ ሲያበቃ ግን “ከዚያስ?” አሏት። ይሄው ነው አለቻቸው። እሳቸውም፣ ደህና መሆኔን ንገሪልኝ አሉ።

“ስለ አጥሩስ ምን አሉ?” አልኳት።

“የምን አጥር፣ እትዬ?”

ይህን ስትለኝ ምስጢር ማውጣቴንም ረሳሁት። ያፈርሱታል ያሉት አጥር ነዋ! ኮምፒውተሯን ከፈተች። ፋይሉ ውስጥ የኦቦ ደበላ ቃል አንድም ሳይጎድል ተቀምጧል፤ ጸሐፊው ሥራውን ሠርቷል። አንባቢው ግን አንዲት ቃል መሐል ላይ ቆሟል፤ ያውም ግራው ጉልበት ላይ። ሜሮን ራሷን ያዘች። አንባቢው ቃሉን የሚቀዳበት መያዣ አለው አለችኝ። መያዣው ሲሞላ ገልብጦ መመለስ፣ ደግሞ መቅዳት አለበት፣ ፋይሉ አለቀ እስኪባል ድረስ። እሷ ግን አንዴ ቀድቶ እንዲመጣ ብቻ ነበር ያዘዘችው። ካምፓስ ስትሞክረው ጓደኞቿ የጻፉት “ሰላም ነው? ደህና ነኝ፣ ነገ ፈተና አለ” ነበርና ሁሉም መያዣው ውስጥ ገብቶላት ነበር።

አያችሁ? መያዣውን የሠራችው በአዲስ አበባ ሰላምታ ልክ ነው! በእኛ አገር በዚያች መያዣ ሰው ጉልበት እንኳ ጠይቆ አይጨርስም። ልቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ግን ልጅቷ ይቅርታ፣ ይቅርታ ስትል ሻይ አፈላሁላት።

ፕሮግራሙን ወዲያው አቃናችው። ቢቃናስ ማን ይዞት ይሄዳል? ነጋዴው ለጉዞ ተነሥቷል። ኦቦ ደበላ ዘንድ አብረን ሄደን ነገርናቸው። ሜሮን ስለ መያዣው ስታስረዳ እሳቸው ወለሉን ያዩ ነበር። ስትጨርስ ቀና ብለው፣ “እና እሷ ሰላምታዬን ብቻ ነው የሰማችው?” አሉ። አዎ አልናቸው። ኮታቸውን ለበሱ። በዚያው ቀን በባኮ አውቶቡስ ሄዱ።

ቀድሞ የተመለሰው ነጋዴው ነው፤ ፊቱ ጠቁሯል። መንገድ ላይ አስቁሜ ጠየቅኩት። ያቺ ሴትዮ ታሾፍብኛለች አለ። ኦቦ ደበላ የጀመሩልኝ ነገር አለ፣ እሱን እስከ መጨረሻው ሳልሰማ አልፈርምም ብለውታል አዴ ጫልቱ።

እሰይ አልኩ። በሆዴ እልልታ ብጤ ተሰማኝ። ኦቦ ደበላ በማግስቱ ሲወርዱ መናኸሪያ ሄጄ ነበር፤ ሽንኩርት ልገዛ። አስር ዓመት የተቀነሰላቸው መስለዋል። እንግዲህ ይንገሩኝ አልኳቸው፤ አጥሩን መቼ ነው የምናፈርሰው?

ስለ አጥሩ ከማን እንደሰማሁ አልጠየቁኝም። ገና ላሞቹን ጠይቀው ሳይጨርሱ የአውቶቡሱ ረዳት ተጣራ አሉኝ። በጎቹ አሉ፣ በቆሎው አለ፣ የምራቷ ወላጆች አሉ። ቅዳሜ ተመልሰው ይሄዳሉ።

እኔ መቻል አቃተኝ። እንዲህ ከሆነ እሷም ባኮ፣ እርስዎም አምቦ ሆናችሁ ልትቀሩ ነው፣ ለምን ቶሎ ብለው አይጨርሱትም አልኳቸው። መንገዱን፣ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን አውቶቡስ ነበር የሚያዩት።

“ከጨረስኩት እምቢ ልትለኝ ትችላለች” አሉ። “እስካልጨረስኩት ግን ቤቱ አይሸጥም፤ እኔም በየሳምንቱ ባኮ ጉዳይ ያለኝ ሰው ነኝ።”