ስድስት ፕሮግራመር፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ የክብር እንግዳ

ጓደኞቼ፣ ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ ትሰድቡኛላችሁ። ስደቡኝ፣ ይገባኛል!

መሐል ሜዳና አካባቢው ኮድ የምንሞካክር ስድስት ሰዎች አለን። አዎ፣ ስድስት! የምንተዋወቀው በፌስቡክ ብቻ ነው። እና እኔ ጀግናው «በአካል የምንገናኝበት ሚትአፕ ላዘጋጅ» አልኩ። ወጪው? የገብስ ቆሎ፣ እሱም ከቤት።

ላፕቶፕ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ሌሎቹ በመሥሪያ ቤታቸው ኮምፒውተር ተደብቀው ነው የሚሠሩት።

ከስድስታችን አንዷ፣ አስካለ፣ ግን እሱም የላትም። ሞላሌ ሒሳብ ታስተምራለች። የተማሪዎቿን ደረጃ የሚያወጣ ፕሮግራም ሦስት ወር ሙሉ ደብተር ላይ ጽፋለች። በእስክሪብቶ! ዛሬ በእኔ ላፕቶፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራ ልታየው ነበር።

ሻይ ቤት ብንቀመጥ ምን ነበረበት? እኔ ግን አዳራሽ በነፃ አማረኝና ለአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፍኩ። ደብዳቤ! ምን ነካኝ?

ማኅተም ያረፈበት መልስ መጣ፦ «ተፈቅዷል። የክብር እንግዳ ይገኛሉ።»

የምን የክብር እንግዳ? ስድስት ሰው እኮ ነን!

ጠዋት ስንደርስ አዳራሹ ግጥም ብሏል። ከየቢሮው ሰው ተጠርቷል። ባነርም ተሰቅሏል፦ «የልማታዊ ፕሮግራመሮች ንቅናቄ»። በስመ አብ!

የክብር እንግዳው፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ መጡና ጨበጡኝ። «ላፕቶፕህን አቀብለኝ፤ ሪፖርቴ ፍላሽ ላይ ነው፣ ከዚያ ላይ ነው የማነበው» አሉ።

አቀበልኳቸው። በሁለት እጄ!

ሰላምታው ሳያልቅ መብራት ሄደ። እሳቸው ምን ቸገራቸው? ባትሪ አለ። ስለ እርከን አነበቡ። ስለ ማዳበሪያ አነበቡ። ስለ ቦይ ቁፋሮ አነበቡ። በመጨረሻ ወደ እኛ ዞረው «ስድስት ናችሁ? ግሩም! አንድ ለአምስት ልክ ሞልታችኋል። አንተ ጠርናፊ ነህ!» አሉኝ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ቆሎዬንም ያንኑ ጊዜ ጨረሱት።

ከዚያ ላፕቶፑ ድርግም አለ። ኃላፊው «በዚሁ ይብቃን» ብለው ፍላሻቸውን ነቅለው ወጡ። አንድ መስመር ኮድ እንኳ አልተጻፈም። አንድ!

ውጪ የሞላሌው መኪና ጥሩምባውን ይነፋል፤ አስካለን ካመለጣት ሌላ የለም። እኔ በንዴት ጨስኩ። «አየሽልኝ እነዚህን ሰዎች? የሰው ቀን እንዲህ ይበላል?» አልኳት።

አስካለ ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«እሳቸውስ የለመዱት ነው» አለች። «አንተ ግን ምን ሆነህ ነው ያጨበጨብከው?»

ማጨብጨቤን እኮ ልብ አላልኩትም! ያውም ለራሴ ሹመት። ያውም ቆሜ!

እሷ መኪናው ላይ ወጣች። እኔ ባዶ የቆሎ ከረጢትና የሞተ ላፕቶፕ ይዤ ቀረሁ። ይቅርታ ልላት ሜሴንጀር ላይ ደጋግሜ ጽፌ አጠፋሁት።

እስቲ ንገሩኝ፣ የሰው የሦስት ወር ልፋት በጭብጨባ የሸኘ ጠርናፊ ይቅርታውን ከየት ይጀምራል?