ሞተር ሳያጠፉ ሽምግልና

እናንተ፣ በቆመች ማኪና ዙሪያ ስንት መካኒክ እንደሚሰበሰብ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጎንደር ፒያሳ ላይ ኮፈን በከፈትኩ ቁጥር አስተውያለሁ። አንዱ ባትሪው ነው ይላል። ሌላው ኬብሉ ነው ይላል። ሦስተኛው፣ ማኪና ኖሮት የማያውቀው፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርግና ራሱን ይነቀንቃል። እኔም ሰው አምናለሁና ባትሪ ቀየርኩ። አዲሱም ባትሪ ብዙ ሳይቆይ ሞተ።

በመጨረሻ ወደ እውነተኛው መካኒክ ወሰድኳት። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ መለኪያውን አስነካና፣ ባትሪህ ምንም አልሆነም፣ ዲናሞው ነው የማይሞላለት አለኝ። እኔ ሆዬ፣ የሚበላው ላጣ ልጅ ልብስ ስቀይርለት ከርሜያለሁ። ከሥር ገብቶ ደግሞ የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ፣ ማርሚታውም፣ ተበስቷል አለ። ይህንንስ ባይነግረኝም አውቃለሁ፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ከአዘዞ ስነሳ ባለቤቴ እቤት ሆና ጩኸቷን ሰምታ ምሳ ታቀርባለች። ጭሱ በወለሉ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ስለሚገባ የምንሄደው መስኮት ከፍተን ነው።

ዲናሞው ተፈትቶ እስኪጠገን ጥቂት ቀን ተዋት አለኝ መካኒኩ። አልችልም አልኩት። ለምን አትሉም? በማግስቱ ለወንድሜ ሽማግሌ ሆኜ መሄድ ነበረብኛ!

የታናሽ ወንድሜ የይበልጣል ነገር እንዲህ ነው። አምባ ጊዮርጊስ የምታስተምር ሰናይት የምትባል ልጅ ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች። ችግሩ፣ እሑድ ሌሎች ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው። የላካቸው የአባቷ የልብ ወዳጅ ነው፣ ለልጁ። አባቷ አያ ወረታው ደግሞ ወዳጃቸውን እምቢ ይላሉ ብሎ የሚያስብ የለም። ስለዚህ ከእሑድ በፊት እሺ ማሰኘት አለብን። ወንድሜ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል፤ አንጀቴን በላው።

መካኒኩ ባትሪውን እንኳ ቻርጅ እንዳያደርግልኝ መብራት ጠፍቷል። እንግዲያው ስማኝ አለ። ናፍጣ ናት፤ አንዴ ከተነሳች ባትሪ ብዙም አትፈልግም። በቁልቁለት አስነሳት፣ መብራት አታብራ፣ ክላክስ አትንካ። ከሁሉ በላይ ግን ጎንደር እስክትመለስ እንዳታጠፋት።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበርን። ንግግር አዋቂው ጎረቤታችን አያ ፈንታሁን፣ የንስሐ አባታችን መምሬ አድማሱ፣ እና ሾፌሩ እኔ። ቤቴ ቁልቁለት ላይ ስለሆነ ጠዋት ለቀቅ አድርጌ አስነሳኋት። በወገራ ብርድ መስኮት ከፍተን፣ ጋቢ ተከናንበን ነጎድን። አያ ፈንታሁን የሚናገሩትን በመንገድ ላይ ሊለማመዱ ሞክረው ነበር፤ በማርሚታው ጩኸት እሳቸውም ራሳቸውን አልሰሙም።

የአያ ወረታው ቤት ከአስፋልቱ ገባ ይላል። አንዲት ቁልቁለት የሌለበት ሜዳ ነው፤ ሳየው ደስ አላለኝም። ማኪናዋን እንደምታገሳ ደጅ ላይ ተውኳትና ወርደን እንደ ወጉ ተሰልፈን ቆምን። አያ ወረታው ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ። እኛን አዩ፣ ማኪናዋን አዩ።

«ምነው፣ አይጠፋም እንዴ? ትቸኩላላችሁ?» አሉ።

አሁን አስቡት። ሽማግሌ ማለት ደጅ የሚጠና፣ ሂድ ሲሉት ተመልሶ የሚመጣ ሰው ነው። እኛ ግን ካልሰጣችሁን ሄድን የምንል መሰልን። አያ ፈንታሁን በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። መካኒኩን አሰብኩ፣ ወንድሜን አሰብኩ። አጠፋኋት።

ገባን። አያ ፈንታሁን ቆመው ያማረ ንግግር አደረጉና ልጅዎን ለልጃችን ብለው ጨረሱ።  አያ ወረታው፣ ዘመድ ላማክርበት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ብቅ በሉ አሉ። ወጉ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም። እሑድ ግን ማንንም አትጠብቅም። እጅ ነስተን ወጣን።

ቁልፉን ባዞረው ጢቅ። ደግሜ ባዞረው ጢቁም ጠፋ። መንደሩ ሁሉ ገበያ ወርዷል፤ የሚገፋ ሰው የለም። እስከ አስፋልቱ በእግር እንዳንል ዝናቡ መጣ፣ መምሬም ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ተመልሰን ገባን።

የቤቱ እመቤት ምሳ አቀረቡ። አያ ፈንታሁን እጃቸውን ሰበሰቡ።

«መልስ ሳንሰማ እህል አንቀምስም፤ ወጉ አይደለም» አሉ።

«መልስማ ሰጠኋችሁ። ሁለት ሳምንት» አሉ አያ ወረታው።

«እንግዲያው ከሁለት ሳምንት በኋላ እንበላለን» አሉ አያ ፈንታሁን፣ ኮስተር ብለው።

ወጡ ቀዘቀዘና ተነሳ። ሞቆ ተመለሰ። እንደገና ቀዝቅዞ ተነሳ። ዝናቡ አላባራም። የመምሬ ሆድ ሲጮህ ሁላችንም ሰማን፤ ሁላችንም ጣራ ጣራውን አየን። በልባችን ተንኮል አልነበረም፤ ዲናሞ ነው። አያ ወረታው ግን ይቁነጠነጡ ጀመር። እንግዳ ቤታቸው ገብቶ ጦሙን ተቀምጦ እሳቸው እንዴት ይብሉ? ነገ ጎረቤት ምን ይላል? በመጨረሻ ብድግ አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። ከሚስታቸውና ከሰናይት ጋር ሲንሾካሾኩ ቆዩ። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ሰጥቻለሁ። በሉ እጃችሁን ታጠቡ» አሉ።

ከጓዳ እልልታው ቀለጠ። እኛም በላን፤ እንዴት እንደበላን ባልነግራችሁ ይሻላል።

ኋላ ዝናቡ አባራ፣ ገበያተኛው ተመለሰና ማኪናዋን ሊገፋ ተሰበሰበ። አያ ወረታውም አማቾቼ ናቸው ብለው ከኋላ ገቡ፤ የቆሙት ደግሞ በጭስ ማውጫው ትይዩ ነው። ስትነሳ ያን ነጭ ጋቢ ጥላሸት አለበሰችው።

እግሬን ከነዳጁ ላይ ሳላነሳ ይቅርታ ልጠይቅ አንገቴን አወጣሁ። እሳቸው መጥተው መስኮቱን ያዙ። ሊነግሩኝ የፈለጉት ነገር ቀስ ተብሎ የሚነገር ነበር፤ በዚያ ማርሚታ ግን ቀስ ብሎ ነገር የለም። እየጮሁ ተናገሩ፣ ገበያተኛው ሁሉ ሰማ።

«አንተ ልጅ! ልጄ ማንን እንደምትወድ ድሮም አውቃለሁ! የእሑዶቹንም በሸጋ ቃል እመልሳቸው ነበር! ሁለት ሳምንቱ ለእናንተ አልነበረም፤ ለእኔ ነው! እስክለምደው!»

ሞተሩን አጥፍቼ፣ ወርጄ ጉልበታቸውን መሳም አማረኝ። ማጥፋት ግን አልችልም። እጄን አውለብልቤ ነዳሁ። ከባድ ነገር ነው፤ እስከ ጎንደር የቀማናቸውን ሁለት ሳምንት እያሰብኩ መጣሁ።

አሁን ዲናሞውም ማርሚታውም ተጠግነዋል፣ ይበልጣልና ሰናይትም ተጋብተዋል። ይህን ሳወራ የሰማ ሁሉ ይስቅና፣ ሽማግሌ የሚልክ ሰው እንዲህ ያለች ማኪና መዋስ አለበት ይላል። እኔ ግን ሴት ልጅ አለችኝ፤ ትምህርቷን ልትጨርስ ነው። አንድ ቀን ሽማግሌዎች ደጄ ቆመው ማኪናቸው አልነሳ ብትል፣ ከነጋቢዬ ወጥቼ ቁልቁለቱን ራሴ እገፋላቸዋለሁ። ከሁለት ሳምንቴ ግን አንዲት ቀን አልቀንስላቸውም።