ጋቢናው ለየኔታ፣ የሕፃን ወንበሯ ለእንስራ

ልጅ እስክትወልዱ ድረስ ዓለም ለስላሳ ነች። ከወለዳችሁ በኋላ ግን ጠረጴዛው ሁሉ ጠርዝ ያወጣል፣ ደረጃው ሁሉ ገደል ይሆናል፣ የጎረቤት ድመት እንኳ ነብር ነብር ትላለች። እኔ በሚኒባስ ተጣጥፌ ስጓዝ ስለ ሞት አስቤ የማላውቅ ሰው ነበርኩ። ሴት ልጄ ተወልዳ ከሆስፒታል ወደ ቤት በባጃጅ ስንመለስ ግን ቀና ብዬ ሳይ፣ ለካስ ባጃጅ በር የለውም። ስንት ዘመን ስሳፈርበት ኖሬ በር እንደሌለው ያየሁት ያን ቀን ነው።

ስለዚህ ማልኩ። ልጄ በባጃጅም ሆነ በሚኒባስ አትሳፈርም፤ አስተማማኝ የቤት መኪና እገዛለሁ አልኩ። ባለቤቴ ትርንጎ መሐላዬን ሰምታ ዳይፐር መቀየሯን ቀጠለች።

እዚሁ ደብረ ታቦር ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። የፊዚክስ አስተማሪ መኪና ሲገዛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አያሳያችሁ። ስለ ፍሬን፣ ስለ ኤርባግ፣ መኪና ከመኪና ሲጋጭ ጉልበቱ ወዴት እንደሚሄድ ሳነብ ከረምኩ። ምክር ያልለገሰኝም የለም። ባልደረባዬ የጉናን ዳገት ሳያቃስት የሚወጣ ከፍ ያለ መኪና ግዛ አለኝ። ገሳይ የሚኖሩት አማቴ ደግሞ ማዳበሪያና ገብስ የማይጭን መኪና ምኑ መኪና ነው ብለው ላኩብኝ። ደላላው በበኩሉ ያሳየኝ መኪና ሁሉ የዶክተር ነበር፤ ከቤቱና ከሆስፒታሉ በቀር ሌላ መንገድ አያውቅም። በአገራችን ይህን ያህል ዶክተር መኖሩን የተረዳሁት መኪና ስፈልግ ነው።

በመጨረሻ አንዲት አመድማ፣ አምስት ሰው የምትይዝ መኪና መረጥኩ። ሰባት የምትይዝም ነበረች፤ ለሦስት ሰው ያ ሁሉ ወንበር ምን ያደርጋል ብዬ ተውኳት። ፍሬኗን ፈተሽኩ፣ ኤርባጓን አረጋገጥኩ። ከዚያ ከአዲስ አበባ የሕፃን ወንበር አስመጣሁ፤ ሕፃኗን ፊቷን ወደ ኋላ አዙሮ በቀበቶ ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ ዓይነት። ልጄን ከማስቀመጤ በፊት በዱባ ተለማመድኩ። ዱባውን አስሬ ግቢያችንን ስዞር ያዩኝ ጎረቤቶች ምን እንዳሉ አልጠየቅኩም።

የመጀመሪያው ጉዟችን ወደ ገሳይ ሆነ። አማቴ የሚካኤል ዝክር አለባቸው፤ የልጅ ልጄን ሳላያት ዘንድሮ ዝክሬ ዝክር አይሆንም ብለው አምርረዋል። ልጄን ወንበሯ ላይ አሰርኳት፤ ትርንጎ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እኔም መሪውን ጨብጬ ተነሳሁ። ቀኑ ቅዳሜ፣ ገበያ መሆኑን ግን ዘንግቼዋለሁ።

መኪና ስመርጥ ያላሰብኩት አደጋ አንድ ብቻ ነበር፤ ይሉኝታ። በዚህ መንገድ ላይ ባዶ ወንበር ይዞ ሰው እያለፈ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚባል እዚህ ተወልዶ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ገና ከከተማው ስንወጣ የኔታ ጥላቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ትርንጎን ፊደል ያስቆጠሩ ናቸው፤ እንዴት ይታለፋሉ? ጋቢና ገቡ። መኪናዋን ከነጎማዋ ባረኩልን።

ጥቂት እንደሄድን የትርንጎ አክስት እትየ ጥሩ ከገበያ የገዙትን አዲስ እንስራ አዝለው ሲያዘግሙ አየናቸው። ገቡ። ልጄን እንደታሰረች ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ምን አጥፍታ ነው ብለው ጠየቁኝ። ስለ ግጭትና ስለ ጉልበት ላስረዳቸው ስሞክር ቀበቶውን ፈትተው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት፤ ባዶው ወንበር ላይ ደግሞ እንስራውን አስቀምጠው፣ እኔ ዱባ ላይ ስንት ቀን የለፋሁበትን ቀበቶ ባንድ ጊዜ ቀርቀብ አደረጉት። በትሕትና እንስራው ኋላ እቃ መጫኛው ውስጥ ይሁን፣ ልጅቷ ወደ ቦታዋ ትመለስ ብዬ ለመንኳቸው።

“ልጅስ ሲያመው ያለቅሳል፤ እንስራ መቸ ይናገራል ልጀ?” አሉኝ።

ፊዚክሴን ይዤ መንዳቴን ቀጠልኩ።

ከዚያ ከሆስፒታል የወጡ አንድ አዛውንት ከነልጃቸው እጃቸውን አነሱ። በሽተኛ ታልፋላችሁ? እኛም አላለፍንም። አሁን ከኋላ አራት ሰውና አንድ እንስራ ሆንን። ሕፃኗን ነፋስ ይመታታል ተብሎ መስኮቱ ሁሉ ተዘጋ፤ ከእትየ ጥሩ ራስ ላይ ቅቤው ቀለጠ። ልጄ ፊቷ ቀልቶ ታለቅስ ጀመር፤ ተሳፋሪው ሁሉ ቡዳ ነው፣ ሆዷን ነው፣ ጥርስ ነው እያለ ይመራመራል።

ትርንጎ አቁም አለችኝ። አቆምኩ። ወርዳ በመስኮቴ በኩል ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ወይ ሰው ይውረድ፣ ወይ እኔና ልጄ እንወርዳለን አለች።

ዞር ብዬ ተሳፋሪዎቼን አየኋቸው። ማንን ላስወርድ? የባረኩኝን የኔታን? በሽተኛውን? እትየ ጥሩንማ ባስወርድ ዝክሩ ላይ ማን ያስገባኛል? እንደዚያ ነኝ እኔ፤ ሚስቴንና ልጄን መንገድ ላይ ማውረድ እችላለሁ፣ ሰው ግን ማውረድ አልችልም።

ትርንጎ መልሱን ከፊቴ አነበበች። ልጄን ከእትየ ጥሩ ጭን ተቀብላ፣ ከኋላችን ይመጣ የነበረውን ሚኒባስ እጇን አንስታ አስቆመችው። ያ የማልኩበት፣ ልጄ አትሳፈርበትም ያልኩት ሚኒባስ ነው። በሩን ዘግቶ ሄደ። ቀልዴን አይደለም፤ በዚያች ደቂቃ የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም።

ተከትዬ እንዳልደርስባቸው ተሳፋሪዎቼን የማወርደው በየደጃፋቸው ነው። የኔታ ሲወርዱ እንደገና ባረኩኝ። አዛውንቱ ካልበላህ ብለው ያዙኝ። አማቴ ቤት የደረስኩት ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። ልጄ በአያቷ ጋቢ ተጠቅልላ ለጥ ብላ ተኝታለች።

ትርንጎን እንዴት መጣችሁ አልኳት። ሚኒባሱ ሲቆም ጋቢና የነበረው ሰው ሳይጠየቅ ተነሳላት። ሾፌሩ ትንሽ ፈጠን ሲል ተሳፋሪው በሙሉ ሕፃን ይዘሃል እያለ ይቆጣዋል። ኩርባ ላይ ቀስ፣ ጉድጓድ ላይ ቀስ፤ አንዲት ሴትዮማ ትከሻውን ይዘውት ነበር አሉ። መኪና ሙሉ ሰው የሚጠብቃት ልጅ ኤርባግ ምን ያደርግላታል? በስንት ወር ንባቤ ውስጥ እንዲህ ያለ ፍሬን አላጋጠመኝም።

እስከ መጨረሻው አብረውኝ የመጡት እትየ ጥሩ እንስራቸውን በጣታቸው ቆርቆር አድርገው፣ ጭረት እንኳ አልነካውም ብለው መሰከሩ። አማቴ ይህን ሲሰሙ የናቋትን መኪና እየዞሩ ሲያዩ ቆይተው፣ በጎ መኪና ናት ብለው አጸደቋት። በማግስቱም ዝክሩ ላይ ወደ ደብረ ታቦር የሚወርድ ካለ አማቼ ባዶውን አይመለስም ብለው አወጁ። ከመቅጽበት ቦታው ሁሉ ተያዘ፤ የሕፃን ወንበሯን አንዲት ባልቴት ለማር ማሰሯቸው ጠየቁ፣ ተፈቀደላቸው።

ትርንጎ ግን ነገሩን ቀድማ ገምታ ኖሮ፣ ለሷና ለልጃችን የሚኒባሱን ጋቢና አስይዛለች። ለኔም አብረሽ አስይዥልኝ ብዬ ለመንኳት።

“መኪናውን ማን ይነዳልሃል?” አለችኝ።