ሁሉን መስኮት ውስጥ የከተተው ምስጋኑ

ሰው ሁሉ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ዕቃን ከዕቃ አጠገብ ያስቀምጣል፣ ወይ ዕቃን ዕቃ ውስጥ ይከታል። የመጀመሪያዎቹ ሰላማውያን ናቸው። ልብሳቸውን አጣጥፈው፣ ጫማቸውን አልጋ ሥር ደርድረው ይኖራሉ። ሁለተኛዎቹን ግን እናንተም ታውቋቸዋላችሁ፤ በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። የግድግዳ ሰዓት ወስዶ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ ካልገጠመ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው አለ አይደል? እሱ ነው። እኛ የላሊበላ ሰዎች ደግሞ የከታቾች ሁሉ አለቃ የሆኑትን፣ ክቡር ሊቀ መስኮት ምስጋኑን ታድለናል።

ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ከተማችን ሊቀ ጠበብትና ሊቀ ዲያቆናት ሞልቷት ሳለ አንድ ሊቀ መስኮት ቢጨመር ማን ይቀየማል ብዬ ነው። ከዚህ በታች ግን «እሱ» እለዋለሁ። በዕድሜ ያንሰኛል፤ ደግሞም ምስጋኑን አክብሬ የምዘልቀው እስከ አንድ አንቀጽ ድረስ ብቻ ነው።

ገና በጉርምስናው የእናቱን ቴሌቪዥን ቁም ሳጥን ውስጥ ገጠመው። እናቱ ዜና ለማየት ቀሚሶቻቸውን ወደ ጎን ገፋ ማድረግ ነበረባቸው፤ የዜና አንባቢው ፊት ሁልጊዜ በነጠላ ጥለት እንደተሸፈነ ነው። ቦርሳው ውስጥ ቦርሳ አለ፣ እዚያ ውስጥ ሌላ ቦርሳ። ወሬውም እንዲሁ ነው። የኩልመስክ መኪና መቼ እንደሚነሳ ብትጠይቁት ስለ ሹፌሩ ይጀምርላችኋል፤ ከሹፌሩ ወሬ ውስጥ የሹፌሩ አማት ትወጣለች፣ ከአማትየዋ ወሬ ውስጥ የጠፋች ላም፣ ላሟ ሳትገኝ መኪናው ይሄዳል። የሚወደው ምግብ ደግሞ ፍርፍር ነው። እንጀራን በእንጀራ ጠቅልሎ መብላት፣ ከዚያ በላይ ደስታ የለውም።

«በል ልሂድ» ስትሉት የሚመልሰው አንድ ነው፤ «ለምን ትወጣለህ?»

እኔና እሱ የተሳሰርነው በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት ነው። እትዬ እታገኘሁ ለብዙ ዘመን ጠላ ሲሸጡበት የኖሩትን ግቢ ስምንት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ አደረጉትና እኔን ሥራ አስኪያጅ አሉኝ። ሥራ አስኪያጅ ማለት አንሶላ የሚያጥብ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ እንግዳ የሚያመጣ፣ መብራት ሲጠፋ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ማለት ነው። እትዬ ባላቸው የሞተባቸው ናቸው፤ ጋን ሲያገላብጡ ወገባቸው ተጎድቷል። «ይሄ ቤት ካልሆነልኝ ወደ ጋኑ መመለሴ ነው። ወገቤ ደግሞ ሁለተኛ አይችልም» ይሉኝ ነበር። ሁሉ ነገር በመጀመሪያው የልደት በዓል ላይ ተንጠለጠለ። እንግዳ ደስ ብሎት ከሄደ ኢንተርኔት ላይ ያመሰግነናል፤ ከተቀየመም እዚያው ይዘልፈናል። በዚህ ሥራ ገና ሲጀምር የተዘለፈ ቤት ቀና አይልም።

እንግዳ የሚመጣልን በአንድ የውጭ አገር የማስያዣ ገጽ በኩል ነው። ገጹን የምትከታተለው እንግዳ ተቀባያችን ንጋት ነበረች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ችግሩ ግን ብራውዘር የሚባለውን የኢንተርኔት መክፈቻ ከፍታ ክፍል የያዘ ሰው አለ ወይ ብላ ስትገባ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፌስቡክ ላይ የማታውቃትን ሙሽራ ቬሎ ስታይ ትገኛለች። ኮምፒውተራችንን የሚጠግንልን ምስጋኑ አንድ ቀን ይህን አየና ታመመ ማለት ይቻላል።

«ብራውዘር እኮ ገበያ ነው» አለ። «ሽንኩርት ልትገዛ የወጣች የሰው ሠርግ ላይ ትገኛለች። ለምን ትወጣለች? ገበያውን እቤቷ አመጣላታለሁ።»

አመጣውም። ከራሱ ጋር ሲያወራ ሰንብቶ «ሁሉ በቤቱ» የሚባል ፕሮግራም ሠርቶ ኮምፒውተራችን ላይ ጫነ። ስትከፍቱት አንድ መስኮት ብቻ ይወጣል። በግራ በኩል የእኛ ስምንት ክፍሎች ተደርድረዋል። በቀኝ በኩል ደግሞ ያ የውጭ አገሩ ገጽ ራሱ፣ ሕያው ሆኖ፣ ፎቶው እየተንቀሳቀሰ፣ መስኮታችን ውስጥ ተከቷል። ከሥሩ የአውሮፕላን ሰዓት፣ ከጎኑ የአየር ጠባይ። አድራሻ መጻፊያ የለው፣ ወደ ኋላ መመለሻ የለው፤ ንጋት ወደ ሙሽሮቹ የምትሄድበት ቀዳዳ ሁሉ ተደፍኗል። በዙሪያው ደግሞ በብራና መጻሕፍት ላይ እንደምናየው ያለ ሐረግ ስሎበታል።

እትዬ እታገኘሁ ቆመው ተመለከቱት። «ይሄ የፈረንጆቹ ገጽ አይደለም እንዴ? እንዴት እኛ ቤት ገባ?»

«እትዬ፣ ክፈፉ የእኛ ነው፣ ውስጡ የእነሱ። እነሱ እዚያ ሲለውጡት እዚህም ይለወጣል። እኛ ግድግዳውን ብቻ ነው የሠራነው።»

«ቤት አከራየሃቸው በለኛ።»

«እንደዚያው በሉት።»

ጎረቤታችን መርጌታ ገብረ ሊባኖስ ሐረጉን ሊያዩ መጡ። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች መረመሩና «ቀዩ በዝቷል» ብለው ሄዱ። ምስጋኑ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ ሳምንት ሙሉ ቀይ ሲቀንስ ከረመ።

ንጋት ግን ጥያቄ ነበራት። «ጠዋት በብራውዘር ገብቼ ነበር፤ ያንተው እንደገና የይለፍ ቃል የሚጠይቀኝ ለምንድን ነው? አያውቀኝም?»

«ቤተ ማርያም ስትገቢ ጫማሽን የት ነው የምታወልቂው?»

«በሩ ላይ ነዋ።»

«በሌላኛው በር ብትወጪ ጫማሽን ታገኚዋለሽ?»

«የት አባቱ ይገኛል።»

«በቃ። የይለፍ ቃልሽን ያወለቅሽው በዚያኛው በር ነው። ይሄ ሌላ በር ነው።»

እንዲህ ሲያስረዳ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ዕብደቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ገጽ አንዳንድ ነገር ሲነኩበት በራሱ ሥልጣን አዲስ መስኮት ይከፍት ነበር። ምስጋኑ ይህን እንደ ስድብ ቆጠረው። እሱ ከትቶ ያስቀመጠውን ማን ያወጣዋል? «ከእኔ መስኮት ማንም አይወጣም» አለና አዲስ መስኮት የሚባል ነገር ጨርሶ እንዳይታይ ከለከለ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ኅዳር ላይ ንጋት ስምንቱን ክፍሎች ለልደት ሳምንት ልታቀርብ ተቀመጠች። «ክፍል ጨምር» የሚለውን ነካች። ዝም። ገጹ ለካ «ስምንት ክፍል ጨምሬያለሁ» ብሎ የሚመልሰው በአዲስ መስኮት ነው፤ አዲስ መስኮት ደግሞ ክልክል ነው። ኔትወርኩ ይሆናል ብላ እንደገና ነካች። ዝም። እኔም ተጠርቼ ነካሁ። እትዬ እታገኘሁ «እስቲ በእኔ እጅ» ብለው፣ አማትበው፣ በአንድ ጣታቸው ነኩ። ዝም። በመጨረሻ ራሱ ሊቀ መስኮት መጣና «ቀስ ተብሎ ነው የሚነካው» ብሎ ቀስ አድርጎ ነካ። ዝም አለ። ነገ ይሠራል ብለን ተውነው።

በማግስቱም አልሠራም ብለን አዘንን። ክፍል የያዙትን ሰዎች ስም የሚያሳየውም በአዲስ መስኮት ስለነበር፣ ታኅሣሥ ሙሉ አንድም ስም ሳናይ ከረምን። አንድ ቀን እትዬ ጋኑን ከጓዳ አስወጥተው ግድግዳው ጥግ ሲያስቀምጡት አየሁ።

ልደት ሳምንት ሲቀረው ከአዲስ አበባ አንድ አስጎብኚ ደወለ። «ባለ አርባ ክፍሉ ማረፊያ እናንተ ናችሁ?»

«ስምንት ነን» አለች ንጋት።

«እዚህ አርባ ይላል። ደግሞ ሞልቷል።»

ምስጋኑ እየሮጠ መጣ። የከለከለውን ሲፈቅደው መስኮቱ ከመስኮቱ እየተከታተለ፣ ቀፎው እንደተነካ ንብ ግልብጥ ብሎ ወጣ። በእያንዳንዱ ላይ ስም። ከጀርመን ባልና ሚስት፣ ከጣልያን መምህራን፣ ከጃፓን አንዲት ሴትዮ፤ ሁሉም የአውሮፕላን ትኬት ቆርጠዋል። አምስት ጊዜ ነክተን አምስት ጊዜ ስምንት ክፍል ጨምረን ኖሯል። ምስጋኑ መሬት ላይ ቁጭ አለ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ ውስጥ ወሬ አልከተተም። «እትዬ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ። በቃ፣ ይኸው ነው።

«እንሰርዛቸው» አልኩ እኔ፣ የሥራ አስኪያጅ ድምፅ ለማውጣት እየሞከርኩ።

እትዬ ዞር ብለው አዩኝ። «በልደት? ላሊበላ ላይ? ከሰቆጣም ከኩልመስክም በእግሩ የሚመጣውን ሁሉ እናሳድር የለ? ፈረንጅ ሲሆን ነው የሚመለሰው?» ይህን ሲሉ ዓይናቸው ጋኑ ላይ ነው።

ምስጋኑ ከተቀመጠበት ቀና አለ። ያንን አስተያየቱን አውቀዋለሁ፤ ቁም ሳጥን ያየ ዕለት የሚያየው ነው። «እትዬ፣ እንደ ፕሮግራሙ እናድርገው። ክፈፉን እኛ እንሁን፣ ውስጡን ጎረቤት ይስጠን።»

በማግስቱ በየጎረቤቱ እየዞረ ቤት ይለምን ጀመር። ንጹሕ አልጋና የሚከፈት መስኮት ካለው፣ ያ ቤት ለልደት ሳምንት የእኛ ክፍል ነው፤ የአልጋው ዋጋ የባለቤቱ፣ ቁርስ ከእኛ ግቢ። የመጀመሪያው ፈቃጅ መርጌታ ነበሩ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» አሉና የክብ ቤታቸውን ደርብ ለቀቁ። እሳቸውን አይቶ ሌላው ተከተለ። ምስጋኑ ጣውላ ቆርጦ፣ ቁጥር ጽፎ፣ ዙሪያውን ሐረግ እየሳለ በየበሩ ሰቀለ። የመርጌታ ደርብ ዘጠኝ ቁጥር ሆነ። የልብስ ሰፊው አብዱልሀሚድ ቤት አሥራ ሰባት። የኔው መኝታ ቤት ሃያ ሦስት ሆነና ሚስቴ እኔን ጎተራ ውስጥ ከተተችኝ። የመጨረሻው፣ አርባ ቁጥር፣ የምስጋኑ የራሱ አልጋ ነበር። እሱ እንግዳ መቀበያው ላይ ሁለት ወንበር ገጥሞ ተኛ።

እንግዶቹ መጡ። ዘጠኝ ቁጥር የደረሳቸው ጀርመናዊ ሽማግሌ ከቁመታቸው ብዛት የመርጌታን በር ጎንበስ ብለው እንኳ በመከራ ነው ያለፉት። ገና አረፍ ሲሉ መርጌታ ውሃ በገበቴ ይዘው እግራቸው ሥር ተንበረከኩ። በአገራችን የልደት እንግዳ እግሩ ይታጠባል። ሰውየው ደንግጠው እግራቸውን ሰበሰቡ። «በአውሮፕላን ነው የመጣሁት፣ አልደከመኝም በልልኝ» አሉኝ።

ተረጎምኩ።

«ይሄ ሁሉ እግር አውሮፕላን ውስጥ ታጥፎ መጥቶ አልደከመም?» አሉ መርጌታ። «በላቸው፣ ያምጡት።»

አመጡት። ታጥበው ሲያበቁ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

በማግስቱ ጠዋት ከየቅያሱ እንግዳ እየወጣ ወደ ግቢያችን ጎረፈ። ጃፓናዊቷ የአብዱልሀሚድን ትንሽ ልጅ አዝላ መጣች። ጣልያኖቹ ካሳደሯቸው ሰዎች ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘዋል። እትዬ እታገኘሁ መሃል ግቢ ቆመው ይህን ሁሉ ሰው አዩና እልልታውን አቀለጡት። እኔም ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ፤ ምን ይደበቃል።

ከሄዱ በኋላ የጻፉትን ንጋት አነበበችልን። «በጣም ትልቅ ሆቴል ነው። ክፍሎቹ ይራራቃሉ፣ ዳገትም አላቸው። ሠራተኛው ሁሉ ግን እንደ ዘመድ ነው፤ እግር የሚያጥቡ ሊቅ ሳይቀር አላቸው» ይላል። እትዬ ሦስት ጊዜ አስነበቧት፤ ጋኑንም ለሚፈልግ ሰው ሰጡት።

ምስጋኑ ፕሮግራሙን አስተካከለ። አሁን አዲስ መስኮት ይከፈታል። የሚከፈተው ግን እዚያው መስኮት ውስጥ ነው፤ ምን ታደርጉታላችሁ።

ዝናው ሩቅ ሄደ መሰለኝ፣ ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ የአንድ ትልቅ ሆቴል ሰዎች ሊቀጥሩት አስበው መጥተው ስለ እሱ ጠየቁኝ። ምስጋኑ መሄድ እንደማይፈልግ ነግሮኛል፤ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ግን አይሆንለትም። ስለዚህ እኔ አስቀምጬ ነገርኳቸው። የእናቱን ቴሌቪዥን፣ የጠፋችውን ላም፣ አርባውን ክፍል፣ አንዱንም ሳላስቀር፣ ለእናንተ እንደነገርኳችሁ። አንገታቸውን ነቅንቀው፣ አመስግነው፣ ባጃጅ ተሳፍረው ሄዱ።

ለካ እትዬ እታገኘሁ ጓዳ ሆነው ይሰሙኛል። ወጡና ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። «ደሳለ፣ ሰው እንዲህ ይታማል?»

«እትዬ፣ ይወስዱብናል እኮ። ያለ እሱ ይሄ ግቢ ምን ይሆናል? እኔስ?»

ትንሽ አሰቡ። «የመርጌታን ጥጃ ባጃጅ ውስጥ ልክተት ብሎ ባጃጁን የገለበጠውን ነግረሃቸዋል?»

«ረሳሁት።»

«ታዲያ ምን ቆመህ ታየኛለህ? ሩጥ፣ ሳይርቁ ድረስባቸው።»