ለደም የሚሳሱት እመቤት

ዕቃ ግምጃ ቤት ባለበት ሁሉ "የለም" ለማለት የተወለደ አንድ ሰው አይጠፋም። እስክሪብቶ ብትጠይቁት ያለቀውን ቀፎ አምጡ ይላችኋል። አምፖል ብትጠይቁት ጨለማ ዓይን እንደሚያሳርፍ ያስረዳችኋል። የእኛ መሥሪያ ቤት ሰው ግን የሚጠብቁት ደም ነው።

በሌሉበት "ክብርት የለም" እንላቸዋለን፤ ፊት ለፊት "እትዬ" ናቸው። የሆስፒታላችንን ደም ባንክ ሃያ ሁለት ዓመት መርተዋል። አንድ ከረጢት ደም ፈልጎ የሚመጣ ሐኪም ሴት ልጃቸውን ሊያገባ የመጣ ይመስል ዘር ማንዘሩ ይመረመራል። "ለማን ነው? ትናንት የወሰድከውስ የት ደረሰ?" አንዱ ቀዶ ሐኪም ተማሮ፣ "እትዬ፣ እኔ ልጠጣው ነው እንዴ?" ቢላቸው፣ "ማን ያውቃል፣ ፊትህ ገርጥቷል" አሉት።

እኔ የአምቡላንስ ነርስ ነኝ። አደጋ የደረሰበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚሞትብን ገና መንገድ ላይ፣ ደሙ አልቆ ነው። የምንሰቅልለት የጨው ውኃ ደም አይሆንለትም። ስለዚህ ለማንም የሚሆነውን ኦ ኔጌቲቭ፣ ሁለት ከረጢት፣ በበረዶ ሣጥን ይዘን እንውጣ አልን።

"ደሜን በመኪና?" አሉ እትዬ። "በዚያ ፀሐይ? በዚያ ጉድጓድ?"

ስምንት ወር ተሟገቱ። ዳይሬክተሩ ለስድስት ወር ሙከራ ሲፈቅድ ሕጉን እሳቸው አወጡ፤ ከሣጥን የወጣ ከረጢት ፍሪጅ አይመለስም፣ ለሰው ካልተሰጠ ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ስልኬ ዕረፍት አጣ።

"ልጄ፣ ሣጥኑን ከፈትከው?"

"አልከፈትኩም እትዬ።"

"ተባረክ።"

ሾፌራችን፣ "ሚስትህ እንኳ እንዲህ አትከታተልህም" ይለኛል። ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። አንድ ባልደረባችን ለማያስፈልገው ሰው ቸኩሎ ቢከፍት፣ ከረጢቱን አሳቅፈው እስከ ማቃጠያው ድረስ ከፊታቸው ነዱት። "ይህን የሰጠችው የሦስት ልጆች እናት ናት" እያሉ። ሳምንት ሙሉ ምግብ አልበላለት አለ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከሦስተኛ ፎቅ እርብራብ ላይ ለወደቀ ግንበኛ ተጠራን። ሁለቱም ታፋዎቹ ተሰብረዋል። አእምሮውን ግን አልሳተም። "ሚስቴ ጋ ደውሉልኝ፤ ብቻ አታስደንግጧት" ይላል። የሚፈሰውን አሰርኩ። የልብ ምቱ እየፈጠነ፣ እየቀጠነ ነበር። እጄ የሣጥኑ መክፈቻ ላይ ነው። ሆስፒታሉ አሥራ ሁለት ደቂቃ። ያ ባልደረባዬ ከረጢት ታቅፎ ሲሄድ ታየኝ። ይደርሳል፣ አልኩ።

ድልድዩ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። ውኃ ጠየቀኝ፣ አዛጋ፣ ዝም አለ። የሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ከጣቴ ሥር ምንም ምት አልነበረም።

ሣጥኑን እትዬ ተቀበሉኝ። ቴርሞሜትሩን አዩ፤ አራት ዲግሪ፣ እንዳወጣሁት። "ተባረክ" ሊሉኝ አፋቸውን ከፈቱና ሸሚዜን አዩት።

"ይሄ የማን ደም ነው?"

"የአንድ ግንበኛ።"

"እሱስ የት አለ?"

ወደ ሬሳ ክፍሉ በእጄ አሳየኋቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ፍሪጁ ክፍት ሆኖ ሲጮህ አልሰሙትም።

በሳምንቱ የሙከራው ግምገማ ሆነ። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አየና፣ "በስድስት ወር ውስጥ ለሰው የተሰጠው ሦስት ከረጢት ብቻ ነው። ሌላው እንደወጣ ተመልሷል። ስለዚህ አያስፈልግም ማለት ነው፤ እንዝጋው" አለ። ሁላችንም ወደ እትዬ ዞርን፤ ከዚህ የበለጠ ምን ደስ ሊያሰኛቸው ይችላል ብለን።

ተነሡ። "የተመለሰው ስላላስፈለገ አይደለም። ነርሶቹ እኔን ፈርተው ነው። ሐሙስ ዕለት ደሙ ሳይበላሽ መጣልኝ፤ የተበላሸው ሰውየው ነው።"

"እትዬ፣ ይህ እኮ በቃለ ጉባኤ ይያዛል" አለ ዳይሬክተሩ፣ ሊያተርፋቸው ፈልጎ።

"ከነስሜ ይያዝ።"

እኔም ተነሣሁ። ያልከፈተው የኔ እጅ ነው ልል ነበር፤ ግማሹን ተናግሬያለሁም። "ቁጭ በል አንተ፤ የራስህን ድርሻ አልቀማህም፣ ግን ገና አልጨረስኩም" አሉኝና ሁለት ከረጢት አይበቃም፣ አራት ይሁን ብለው አንድ ሰዓት ተከራከሩ። ያን ቀን "የለም" ሲባሉ የዋሉት እሳቸው ናቸው። ሙከራው ለአንድ ዓመት ተራዘመ፤ ከረጢቱም ሦስት ሆነ።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዙኝ። "የሰውየውን ቤት ታውቀዋለህ?"

"አውቀዋለሁ። ሚስቱን ምን ልንላት ነው እትዬ?"

"የሆነውን ነዋ።" ጋዋናቸውን አውልቀው አጣጠፉት። "ስሙ ማን ነበር? ስሙን ሳልይዝ ሚስቱ በር ላይ አልቆምም።"

ነገርኳቸው። እስክንደርስ ድረስ ከጎኔ እየተራመዱ፣ ለራሳቸው ያህል ብቻ፣ ደጋግመው ሲሉት እሰማቸው ነበር።