የእትየ የሺሀረግ ቆጠራ

ሁሉን አዋቂ ጎረቤት የሌለበት መንደር እስከ ዛሬ አልተቆረቆረም። መንግሥት ከድርቅ የተረፈውን የወሎ ሰው አሶሳ አምጥቶ ሲያሰፍር ቀርከሃውን ያስቆረጠው፣ ጎጆውንም በመስመር ያስቀየሰው ካድሬው ነበር። ሁሉን አዋቂውን ግን ማንም አልመደበም፤ ራሱ መጣ። ለመንደር አሥራ አንድ የደረሱት ክብርት እትየ የሺሀረግ ናቸው።

ሳይጠሯቸው አቤት፣ ሳይልኳቸው ወዴት ባይ ናቸው። ወባ የያዘውን ሰው ከአረማመዱ ይለያሉ፤ ትራክተሩ ለምን እንደቆመ ከሾፌሩ ቀድመው ይናገራሉ፤ ከአገሬዎቹ ከቤርታዎቹ ቋንቋ ሰላምታውን ብቻ ይዘው ለመንደሩ ሁሉ አስተርጓሚ ሆነዋል። የነገራቸው መደምደሚያ «እኔ አይቻለሁ» ነው። የት እንዳዩት የጠየቀ የለም።

የቅርብ ጎረቤታቸው ስንቅነሽ ይህን ሁሉ ችላ ኖራለች። የታከታት ማህፀኗ ከወጣ በኋላ ነው። ዕጢ አብቅሎ ደሟ አልቆም ሲል ሆስፒታል ተወስዳ በቀዶ ሕክምና ወጣላት። ሐኪሙ ሲያሰናብታት ለስድስት ሳምንት ከባድ ዕቃ እንዳታነሣ፣ ከባሏም ጋር እንዳትገናኝ አዘዘ። ባሏ ፈንታ ይህን ሄዶ ለእትየ የሺሀረግ ነገራቸው፤ ጥፋቱ ይኸው ነው።

እትየ የሺሀረግ በስድስት ሳምንቱ ሳቁ። ይህችም አራስ ናት አሉ። ለወንድ ልጅ አርባ ቀን፣ ለሴት ሰማንያ፤ ማህፀን ደግሞ የሁለቱም ማደሪያ ስለሆነች መቶ ሃያ። ከዚያ በፊት ባል ከተጠጋ ስፌቱ ይተረተራል። ፈንታ መደቡን ለሚስቱ ለቆ ምድጃው አጠገብ ሰሌን አነጠፈ።

እሳቸውም ጠዋት ጠዋት ደጅ ቆመው መንደሩ እየሰማ ስንተኛ ቀን እንደገባ ለፈንታ ያስታውቁት ጀመር። የሥራ ደወል ሲደወል ካድሬውን በር ላይ አቁመው አራስ እርሻ እንደማትወጣ አስረዱት፤ እሱም ክርክሩ ሰልችቶት ሄደ። ስንቅነሽ ይህን ውለታ አልካደችም። ግን ስድስቱ ሳምንት አለፈ፣ ሕመሙም ሄደ፣ ፈንታ ከሰሌኑ አልተነሣም። እጁ እጇን ሲነካ እንኳ ይደነግጣል። ባዶ ሆኜበት ይሆን እያለች ታስብ ጀመር፤ ይህም ከቀዶው ይልቅ አመማት።

በስልሳኛው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ ብሪቱ መርምራ ቁስሉ መዳኑን ነገረቻት። የወጣው የልጅ ማደሪያው እንጂ ፍላጎቷ እንዳልሆነ፣ መጀመሪያ በዝግታ እንዲያደርጉት፣ ከደረቀባት ወይም ካመማት እንዲያቆሙ፣ ደም ካየች ተመልሳ እንድትመጣ መከረቻት። ስንቅነሽ ሦስት ጊዜ አስደገመቻት።

ስትመለስ በቁጣ እንደጋለች እትየ የሺሀረግ ዘንድ ገባች።

«እትየ፣ ነርሷ ድነሻል አለችኝ። መቶ ሃያውን የት ነው ያዩት?»

እሳቸው በቆሎ እየፈለፈሉ ነበር። እጃቸው ቆመ።

«የትም አላየሁ፣ ስንቅየ። ሰባተኛዬ ሞቶ ሲወለድ ባሌ በሁለተኛው ሳምንት መጣብኝ። ደሜ ገና አልደረቀም። እናት የለኝ፣ ጎረቤት የለኝ፤ ተው የሚልልኝ ጠፋ። ለአንቺስ ይብዛልሽ ብየ ነው።»

ስንቅነሽ ቁጣዋን የምታደርግበት አጣች። አጠገባቸው ተቀምጣ በቆሎውን ትፈለፍል ጀመር። ቆይታ፣ ፈንታ ክፉ ሰው እንዳልሆነ፣ እሷም እንደምትፈልገው ነገረቻቸው። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ተናግራ አታውቅም።

እትየ የሺሀረግም ተሳስቻለሁ ማለት አያውቁም። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡና ፈንታን ከእርሻ ሲመለስ መንገድ ላይ ያዙት።

«ቀኑ ስልሳ፣ ሌሊቱ ስልሳ፤ መቶ ሃያ ሞላ» አሉት። «በዝግታ ግን።»

ፈንታ ሰሌኑን ጠቅልሎ እንደ እንግዳ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ስንቅነሽ እጁን ይዛ ጠባሳዋ ላይ አኖረችው።

«የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር» አለችው።

«እንዳላጣሽ ነው የፈራሁት» አለ።

በነጋታው ስንቅነሽ የቀረውን በቆሎ ልታግዝ እትየ የሺሀረግ ዘንድ ሄደች። ፈገግታዋን መደበቅ አልቻለችም። እትየ የሺሀረግ አዩዋት፤ አዩዋትና እስከ ማታ ድረስ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቋት ዋሉ።